ጄሲ ብራውንና በበረዶ ላይ የወረደው ጓደኛው

በጦር ሜዳ የዋሉ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው የገደሉት ጠላትና የማረኩት መሣሪያ ነው። ገዳይ ይመሰገናል፤ ፎካሪም በግዳዩ ይፎክራል። ይህ የጀግንነት መለኪያ የአባቶቻችንም መለኪያ ስለ ነበረ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ አንድም ጠላት ሳይገደልበት፣ ሊያድኑት የደከሙለትም ሰው ሳይድንበት፣ የሰውን ልጅ ክብር ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ በጦር ሜዳ ላይ ተፈጽሞ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን እንዲህ ያለው ታሪክ ነው።

ነገሩ የሆነው በኰርያ ጦርነት፣ ኅዳር 25 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 4 ቀን 1950 ነው። ባለታሪኮቹ ሁለት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አይሮፕላን ነጂዎች ናቸው። አንደኛው በአሜሪካ ባሕር ኃይል የአይሮፕላን ነጂነትን ትምህርት ፈጽሞ የነጂነትን ክንፍ ከተቀበሉት ጥቁር ሰዎች የመጀመሪያው የሆነው ጄሲ ለሮይ ብራውን ነው። ሁለተኛው ጓደኛው ቶማስ ጀሮም ሀድነር ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

የጥጥ እርሻ ልጅ

ጄሲ ብራውን ኦክቶበር 13 ቀን 1926 በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሀቲስበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። እናቱ ጁሊያ አስተማሪ ነበሩ። አባቱ ጆን ብራውን በመጋዘን ሠራተኝነትም በእርሻም ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በኋላም ቤተ ሰቡ ወደ ገጠር ወጥቶ በሰው መሬት ላይ በእኩል አራሽነት በቆሎና ጥጥ ያመርት ጀመር። የሚኖሩበት ቤት የውሃ ቧንቧ ያልገባለት፣ በክረምትም በምድጃ እሳት የሚሞቅ ነበር። ልጆቹ ከእርሻው ሥራ በተረፋቸው ጊዜ በእግራቸው ረጅም መንገድ እየተጓዙ አንድ ክፍል ብቻ ባለው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር።

በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፤ በአንድ ምግብ ቤት አይመገቡም፤ በባቡርም በአንድ ሠረገላ አይቀመጡም ነበር። ይህ በልማድ ብቻ የኖረ ሳይሆን በሕግ የጸና ሥርዓት ነበር። የጥቁር ሰው ልጅ ከጥጥ እርሻው ወጥቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ገና ከመወለዱ በፊት የተወሰነ ይመስል ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን የዚህን ግዛት ስም የምናስታውስበት ምክንያት አለን። ከሀቲስበርግ ወደ ደቡብ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ዳርቻ በምትገኘው በገልፍፖርት ከተማ ያደገው ጆን ሮቢንሰን፣ ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀችበት በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጣ። በኮሎኔልነት ማዕረግም የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አይሮፕላኖች ይዞ በዚያ የጭንቅ ጊዜ አገለገለ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ለኢትዮጵያ ወጣቶች የበረራን ትምህርት ያስተማረ ሲሆን በ1954 በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ሞቶ በአገራችን አፈር ተቀበረ። ይህ ሰው ባሕር ተሻግሮ ለባዕድ አገር ሲበር የገዛ አገሩ የአየር ጦር ለጥቁር ሰው በሩን ዘግቶ ነበር። ጄሲ ብራውን የተወለደው እንግዲህ በዚሁ ግዛት፣ በዚሁ በተዘጋ በር ፊት ነው።

ጄሲ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የአይሮፕላን ትርኢት ለማሳየት ይዘውት ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ልብ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀረ። ከቤታቸው አጠገብ አፈር ሜዳ የሆነ ትንሽ የአይሮፕላን ማረፊያ ስለ ነበረ ወደዚያ እየሄደ ሲነሡና ሲያርፉ ቆሞ ይመለከት ነበር። የማረፊያው መካኒክ ሲያባርረው ይሸሻል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ ከፍ ሲልም «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ እያዞረ ማደል ጀመረ። ይህ ጋዜጣ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ጄ. ኤ. ሮጀርስ የተባለውን ጸሐፊ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ የጦርነቱን ወሬ ለአንባቢዎቹ ያቀረበ ነው። ጄሲም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ስለ በረረው ስለ ዩጂን ቡላርድና እንደዚሁ ስለ ሌሎች ጥቁር አይሮፕላን ነጂዎች ያወቀው ከዚሁ ጋዜጣ ነበር።

በ1937፣ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላው ወይም ሞልቶት እንደሆነ፣ ብዕር አንሥቶ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤውም ፍሬ ነገር ጥቁሮች በአሜሪካ የአየር ጦር ውስጥ አይሮፕላን እንዳይነዱ መከልከላቸው ፍትሕ አይደለም የሚል ነበር። ከፕሬዚዳንቱም ጽሕፈት ቤት አስተያየቱን በደስታ የተቀበሉት መሆኑን የሚገልጽ መልስ መጣለት። መልሱ ሕጉን አልለወጠም። ይሁን እንጂ የእኩል አራሽ ልጅ ለአገሩ መሪ አቤቱታ ጽፎ መልስ ማግኘቱ ራሱ በልቡ ውስጥ የነበረውን እሳት እንዳቀጣጠለው መገመት አያስቸግርም።

ወደ ክንፉ የተደረገው ጉዞ

በ1944 ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያም ብዙዎቹ ጓደኞቹ ወደ ጥቁሮች ኮሌጅ ሲሄዱ እሱ በሰሜን ወደሚገኘው ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ አራት የወርቅ ሜዳይ ያገኘው ሯጭ ጄሲ ኦወንስ የተማረበት ነው፤ ጄሲ ብራውንም ከልጅነቱ ጀምሮ ኦወንስን አርአያው አድርጎት ነበር። በዚያም የሕንፃ ምሕንድስና እየተማረ፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት በባቡር ጣቢያ ዕቃ እየጫነ የትምህርቱን ወጪ ራሱ ይከፍል ነበር።

በዚህ መካከል ባሕር ኃይሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መዝግቦ አይሮፕላን ነጂ ለማድረግ ማስታወቂያ አወጣ። ጄሲ ምኞቱን ሲያስታውቅ ብዙ ሰዎች ሊያስቀሩት ሞከሩ። ባሕር ኃይሉ እስከ 1942 ድረስ ጥቁሮችን የሚቀበለው ለወጥ ቤትና ለመኰንኖች አስተናጋጅነት ብቻ ያህል ነበርና ከዚያ ወጥቶ አይሮፕላን ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሰው ከቶ አልታየም። እሱ ግን በ1946 ተመዘገበ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ትምህርቱ የተጀመረው በ1947 በኢሊኖይ ግዛት በግሌንቪው ነበር። ከዚያ ወደ ኦታምዋ፣ ከኦታምዋም በፍሎሪዳ ወደምትገኘው ወደ ፔንሳኮላ ተዛወረ። ፔንሳኮላ የደቡብ ከተማ በመሆኗ ከልጅነቱ የሚያውቀው ሥርዓት እንደገና ተቀበለው። ከአስተማሪዎቹና ከተማሪዎቹ መካከል በስድብና በንቀት የሚያዩት ነበሩ፤ እጃቸውን የዘረጉለትም ነበሩ። እሱ ስድቡን በዝምታ፣ ፈተናውን በሥራ ይመልስ ነበር።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ከትውልድ ከተማው ጀምሮ የሚወዳትን ዴዚ ኒክስን አገባ። ሰልጣኞች ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እንዳያገቡ ደንብ ስለ ነበረ ጋብቻው በምስጢር ተፈጸመ። ሙሽራይቱ በከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይታ እየኖረች በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ይገናኙ ነበር። ነገሩ ቢታወቅ ኖሮ የደከመለት ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

በ1948 በጁላይ ወር ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ኃይሎች ውስጥ በዘር ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚሁ ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ጄሲ ብራውን የባሕር ኃይሉን የወርቅ ክንፍ በደረቱ ላይ አደረገ። በዲሴምበርም ሴት ልጁ ፓሜላ ተወለደች። በተከታዩ ዓመት፣ በባሕር ኃይል ከመኰንንነት ማዕረጎች የመጀመሪያ የሆነውን የኤንሳይንነትን ማዕረግ ተቀበለ።

መርከብ ላይ ማረፍ

የምድር አይሮፕላን ነጂና የባሕር ኃይል አይሮፕላን ነጂ ሥራቸው አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። የምድሩ ነጂ ተመልሶ የሚያርፍበት ሜዳ የትም አይሄድበትም። የባሕር ኃይሉ ነጂ ግን የሚያርፍበት ሜዳ በማዕበል ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ መርከብ ነው። ብራውን የተመደበባት «ሌይቴ» የተባለችው አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ርዝመቷ 270 ሜትር ያህል ነበር። ይህ በመሬት ለሚያየው ሰው ብዙ ይመስላል፤ ከላይ ሲታይ ግን በባሕር ላይ ከወደቀ ቅጠል አይበልጥም። አይሮፕላኑ ሲያርፍ ከጅራቱ ሥር የተንጠለጠለው መንጠቆ በመርከቡ ወለል ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን መያዝ አለበት፤ ካልያዘ አደጋ ነው።

ብራውንና ጓደኞቹ የሚነዱት «ኮርሴር» የተባለውን ተዋጊ አይሮፕላን ነበር። ይህ አይሮፕላን ከሁለት ሺህ የፈረስ ጕልበት በላይ ያለው ሞተር፣ እንደ አሞራ ክንፍ የተቈለመመ ክንፍ፣ በክንፎቹም ውስጥ ስድስት መትረየሶች ነበሩት። በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። አፍንጫው ግን እጅግ ረጅም ስለሆነ ነጂው ወደ ማረፊያው ሲቀርብ ፊት ለፊቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ ወደ ግራ እየዞረ በመርከቡ ጫፍ ላይ ቆሞ በሁለት እጆቹ ምልክት የሚያሳየውን መኰንን እያየ ይወርዳል። ያ ሰው «ሞተሩን ዝጋ» የሚል ምልክት ሲሰጠው ያለ ጥርጥር መዝጋት ይገባዋል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው በሌላው ሰው ካልታመነ አንድ ቀን እንኳ ሊኖር አይችልም።

የተዘረጋች እጅ

ብራውን በ1949 በሮድ አይላንድ ግዛት በኩዋንሰት ፖይንት ከሚገኘው 32ኛ የተዋጊ አይሮፕላን ጓድ ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ቶማስ ሀድነር ወደዚሁ ጓድ መጣ። ሀድነር በማሳቹሴትስ ግዛት በፎል ሪቨር ከተማ ከባለጸጋ ነጋዴ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ በታወቀ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1946 ከባሕር ኃይል አካዳሚ የተመረቀ ሰው ነበር። የአንዱ ልጅነት ከሌላው ልጅነት ጋር ምንም አይገናኝም።

ሀድነር ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተያዩ ብራውን በራሱ ሰላም አለው እንጂ እጁን አልዘረጋለትም። ነገሩ ትዕቢት አልነበረም። እጁን ቢዘረጋ ነጩ ሰው አልጨብጥም ብሎ በሰው ፊት እንዳያፍር ወይም እንዳያሳፍር በመጠንቀቅ ነበር። የብዙ ዓመት ልምድ ይህን አስተምሮታል። ሀድነርም ይህን ተረድቶ ክፍሉን አቋርጦ ሄዶ እጁን ዘረጋለትና ተጨባበጡ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ግን ከዚህ ይጀምራል ብንል ስሕተት አይሆንም።

በማዕረግ ሀድነር ይበልጥ ነበር። በበረራ ልምድ ግን ብራውን ይበልጥ ስለ ነበረ ሁለት ሁለት ሆነው ሲበሩ መሪው ብራውን፣ ከጐኑ እየበረረ የሚጠብቀው ሀድነር ሆነ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በአንድ ምግብ ቤት አብረው ሊቀመጡ የማይፈቀድላቸው ሁለቱ ሰዎች በሰማይ ላይ ነጩ ጥቁሩን እየተከተለ ይበሩ ነበር።

በኰርያ ሰማይ

ጁን 25 ቀን 1950 የኰርያ ጦርነት ሲነሣ «ሌይቴ» በሜዲቴራንያን ባሕር ነበረች። ከዚያም ታዝዛ ረጅሙን የባሕር መንገድ አቋርጣ በኦክቶበር ወር ከኰርያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ደረሰች። ብራውን ከዚህ በኋላ በኖረባቸው ሁለት ወራት ያህል ጊዜ ሃያ የውጊያ በረራዎች አደረገ። በቾንግጂን፣ በሶንግጂንና በያሉ ወንዝ ዳር ባለችው በሲኑይጁ ላይ ዘመተ። ወደ ምድር ዝቅ ብሎ በመብረር እግረኛውን ጦር መርዳት ከአየር ለአየር ውጊያ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ምክንያቱም ከመሬት የሚተኰስ አንድ ተራ ጠመንጃ እንኳ አይሮፕላኑን ሊጥለው ይችላልና።

በኖቬምበር መጨረሻ የጦርነቱ መልክ ተለወጠ። የቻይና ሠራዊት በድብቅ ድንበር ተሻግሮ በሰሜን ኰርያ ተራሮች መካከል ገብቶ ነበር። ኖቬምበር 27 ቀን ሌሊት በቾሲን ሐይቅ ዙሪያ በነበረው በተባበሩት መንግሥታት ጦር ላይ በድንገት ወረደበት። ከበባ የደረሰበት ጦር ሠላሳ ሺህ ያህል ሲሆን የከበቡት ቻይናውያን ግን አንድ መቶ ሃያ ሺህ ያህል ይደርሱ ነበር። ብርዱም ሌላ ጠላት ነበር። በሌሊት ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ እየወረደ መሣሪያው ይደርቃል፤ የቍስለኞች ደም በቍስላቸው ላይ ይረጋል፤ የወታደሮች እጅና እግር በውርጭ ይሞታል። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ የነበሩት የባሕር ኃይል እግረኞች እየተዋጉ በአንዲት ጠባብ የተራራ መንገድ ወደ ባሕር ይመለሱ ነበር። ለነዚህ ሰዎች ትልቁ ተስፋቸው ከደመናው ሥር ብቅ የሚሉት ኮርሴሮች ነበሩ።

ብራውን ከመጨረሻው በረራው በፊት ባለችው ሌሊት ለዴዚ ደብዳቤ ጽፎ ነበር።

ዲሴምበር 4 ቀን 1950

በዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ስድስት ኮርሴሮች ከ«ሌይቴ» ተነሥተው ወደ ሐይቁ በረሩ። መሪያቸው ሌተናንት ኮማንደር ዲክ ሴቮሊ ነበር። ሥራቸው ዝቅ ብለው የቻይናን ጦር እንቅስቃሴ መፈለግና ማጥቃት ነው። ከተነሡ አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ሌተና ቢል ኮኒግ ከብራውን አይሮፕላን አንዳች ነገር እንደ ጢስ እየፈሰሰ መሆኑን አይቶ በሬዲዮ ነገረው። ከበረዶው ውስጥ ተደብቀው ከሚተኵሱት ወታደሮች የአንዱ ጥይት አግኝቶት ኖሯል። ጥቂት ቈይቶ ብራውን የሞተሩ ጕልበት እየጠፋ እንደሆነና ለማረፍ እንደሚገደድ አስታወቀ። ወደ ባሕር ለመመለስ ከፍታው አልበቃውም፤ ከሥሩም ያለው ተራራ ብቻ ነበር።

ሀድነር ከጐኑ ሆኖ ለአደጋ ጊዜ የሚደረገውን ሁሉ በሬዲዮ አንድ በአንድ ያስታውሰው ጀመር። ብራውን በተራሮች መካከል በበረዶ የተሸፈነች ጐድጓዳ ቦታ አይቶ አይሮፕላኑን ወደዚያ አወረደው። ስፍራው ከቻይና መስመር በስተ ኋላ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ያለ ነበር። አይሮፕላኑ መሬቱን በኃይል ስለ መታ አካሉ ከመቀመጫው በፊት ተሰብሮ ተጠመዘዘ። ከላይ የሚዞሩት ጓደኞቹ የሞተ መሰላቸው። ነገር ግን ወዲያው የመስተዋቱ ክዳን ሲከፈትና የብራውን እጅ ሲወዛወዝ አዩ። ደስ አላቸው፤ ግን ቈይተው ሲመለከቱ ከአይሮፕላኑ አልወጣም። ከአፍንጫው በኩል ጢስ ይነሣ ጀመር።

ሀድነር እየዞረ ሳለ ያስተዋለው ነገር ይህ ነው፤ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ እሳቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ማንንም አላማከረም። ወደ ታች እወርዳለሁ ብሎ አስታወቀና መንኰራኵሩን ሳያወጣ፣ ደኅና የነበረውን አይሮፕላኑን ሆነ ብሎ ከብራውን አንድ መቶ ሜትር ያህል ርቆ በበረዶው ላይ ጣለው። ሲወድቅ ጀርባውን ጐዳው። ከዚያም ተነሥቶ በበረዶው ውስጥ እየተደነቃቀፈ ወደ ጓደኛው ሮጠ።

ብራውን በሕይወት ነበር። ነገር ግን የተጨራመተው ብረት እግሩን ከመቀመጫው ጋር አጣብቆ ይዞታል። ጓንቱና የራስ ቍሩ ስለ ሌሉ እጆቹ በብርድ ደርቀው ነበር። ሀድነር የሱፍ ቆብ አውጥቶ አለበሰው፤ እጆቹንም በአንገት ልብሱ ጠቀለለለት። ሊጐትተው ሞከረ፤ ብረቱ አልለቀቀም። በእጆቹ በረዶ እየዘገነ በጢሱ ላይ ይከምር ጀመር። ወደ ገዛ አይሮፕላኑ ተመልሶም በሬዲዮ የሚመጣው ሄሊኮፕተር መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ እንዲይዝ ለመነ። በላይ ያሉት አራቱ ኮርሴሮች የቻይና ወታደሮች እንዳይቀርቡ እየዞሩ ይጠብቁ ነበር።

ሄሊኮፕተሩን የነዳው ሌተና ቻርልስ ዋርድ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ደከሙ። መጥረቢያው ብረቱን ሲመታው ይነጥራል እንጂ አይቈርጥም፤ የእሳት ማጥፊያውም አልጠቀመም። ይህ ሁሉ ሲሆን ብራውን አልጮኸም፤ አላማረረምም። ያረጋጋ የነበረው እሱ ራሱ ነበር ሲል ሀድነር መስክሯል። ድካሙ እየጸና፣ ንግግሩ እየተቈራረጠ ሲሄድ ለሚስቱ ለዴዚ እንደሚወዳት እንዲነግርለት አደራ ሰጠው።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ዋርድ ሄሊኮፕተሩ በጨለማ በዚያ ተራራ መካከል ሊበር እንደማይችል ገለጠ። በዚያ ማደር አንድን ሞት ሦስት ማድረግ ነው። ብራውን በዚህ ጊዜ ራሱን ስቶ ነበር፤ ሕይወቱም ያን ጊዜ ወይም ወዲያው እንዳለፈ ይታመናል። ሀድነርም ተመልሰን እንመጣለን ብሎ ቃል ሰጥቶት ሄደ። ጄሲ ብራውን ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ሀድነር ወደ ኋላ ተመልሶ አስከሬኑን ለማምጣት ቢመኝም፣ የቻይና ጦር በስፍራው አድብቶ እንደሚጠብቅ ስለ ታመነ ሌላ ሕይወት እንዳይጠፋ ተብሎ ጕዞው ቀረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጓዱ አይሮፕላኖች ወደዚያ በረሩ። የወደቁበትን አይሮፕላኖችና የጓደኛቸውን አስከሬን በጠላት እጅ እንዳይቀሩ በእሳት አቃጠሏቸው። ቦምቡን እየጣሉ ሳሉ በሬዲዮ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት ደገሙ። የባሕር ኃይል ጦረኞች የቀብር ሥነ ሥርዓት በዚህ መልክ ተፈጸመ።

በመርከቡ ላይ ሀድነር እንደሚቀጣ የጠረጠሩ ነበሩ። ደኅና አይሮፕላን ሆነ ብሎ መስበር በሕጉ መሠረት ቀላል ነገር አይደለም። አለቆቹ ግን ነገሩን በሌላ ዐይን አዩት። ኤፕሪል 13 ቀን 1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን በዋሽንግተን ከአሜሪካ ኒሻኖች ሁሉ የላቀውን የክብር ሜዳይ በአንገቱ ላይ አሰሩለት። የብራውን ሚስት ዴዚም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝታ ነበር። ለብራውንም ከሞተ በኋላ የላቀ የበረራ መስቀል የተባለው ኒሻን ተሰጠው።

በ1973 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጄሲ ብራውን ስም የተሰየመችን አንዲት የጦር መርከብ አገልግሎት አስጀመረ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሀድነርና ዴዚ ሁለቱም ተገኙ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ወዳጅነታቸውን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አላቋረጡም።

በበረዶ ላይ የተሰጠው ቃል ግን ገና አልተፈጸመም ነበር። በ2013 በጁላይ ወር ሀድነር የ88 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ አገሩ የሰላም ውል ወዳልተፈራረመችው ወደ ሰሜን ኰርያ ሄደ። የሄደውም የጓደኛውን ዐፅም ለመፈለግ ነው። የክረምቱ ዝናብ መንገዱን ስለ ዘጋው ወደ ስፍራው ሳይደርስ ተመለሰ። በ2017 ዐረፈ። በተከታዩ ዓመት በስሙ የተሰየመች አንዲት የጦር መርከብ አገልግሎት ጀመረች።

እኛስ ከዚህ ምን እናገኛለን?

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ብራውን በወደቀበት ሳምንት ከቾሲን ሐይቅ በስተ ምሥራቅ እየተዋጋ ካለቀው ጦር መካከል የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር የ32ኛው ሬጅመንት አንደኛ ሻለቃ ይገኝበታል። በ1951 የኛ የቃኘው ሻለቃ ኰርያ ሲደርስ የተመደበው ከዚሁ ከተጐዳውና እንደገና ከተቋቋመው 32ኛ ሬጅመንት ጋር ነበር። የቃኘው ልጆች ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመቻዎች ከአንድ መቶ ሃያ በላይ ሞተው፣ ከአምስት መቶ በላይ ቈስለው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተዋግተዋል። የሞቱትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐርፈዋል። ጓደኛን በጠላት ምድር ጥሎ አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ ወታደር ማስተማር አያስፈልግም። ስለዚህም የሀድነርን ኀዘን ከማንም ይልቅ እኛ እንረዳዋለን።

ሥራን በውጤቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ሀድነር ከሠራው ምን ተገኘ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ብራውን አልዳነም፤ አንድ ደኅና አይሮፕላን ጠፋ፤ ሁለተኛ ሰው ለሞት ቀርቦ ነበር። ሒሳቡ ይህ ነው። ነገር ግን ጄሲ ብራውን በሕይወቱ ሁሉ ብቻህን ነህ፣ ስፍራህ እዚህ አይደለም ሲባል የኖረ ሰው ነበር። በትምህርት ቤት በር፣ በባቡር ሠረገላ፣ በአይሮፕላን ማረፊያ ይህን ሰምቷል። በመጨረሻው ሰዓት ግን ብቻውን አልነበረም። እጁን ሳይዘረጋለት እጁን የዘረጋለት ሰው ከሰማይ ወርዶ በበረዶ ውስጥ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

አባቶቻችን ወዳጅና ጠላት በመከራ ጊዜ ይታወቃል ይላሉ። ወጣቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያነቡ በሁለቱ ሰዎች ፊት ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመክራለን። በብራውን ፊት፣ በሩ ተዘግቶብኝ ሳለ ስንት ጊዜ ለማንኳኳት ቈርጬ ነበር? በሀድነርም ፊት፣ ጓደኛዬ ሲወድቅ ከላይ ሆኜ እዞራለሁ ወይስ እወርዳለሁ? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት አይሮፕላን ነጂ መሆን፣ ወደ ኰርያም መዝመት አያስፈልግም። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ የወደቀ ሰውና ከላይ ሆኖ የሚያይ ጓደኛ አይታጣምና።